ስለ ወሎ ታሪካዊ ሰዎችና ቦታዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በወሎ ታሪክ ላይ ስህተት የሚበዛው በስም ምክንያት ነው። አንድ ሰው ሁለት ስም ይዞ ይገኛል፤ አንድ ስም ሁለት ሰው ይጠራበታል፤ አምባው በአንድ ወረዳ፣ ስሙ በሌላ ወረዳ ይሆናል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ብዙውን ጊዜ ከስም ይነሳሉ። ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ወሎ የሚባለው የትኛው ነው? በድሮ ጽሑፎች ውስጥ ለምን አይገኝም?

ስሙ ከኦሮሞ ጎሳ ስም የመጣ ነው፤ መጀመሪያ ይጠራበት የነበረው ደቡቡ ደጋ ነበር። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን በፊት ስለነበረው ዘመን የሚያነብ ሰው «ወሎ» ብሎ ከፈለገ አያገኝም። መፈለግ ያለበት ቤተ አማራ፣ አንጎት፣ ላስታ፣ ዋግ እና አምባሰል የሚሉትን ነው። ኋላ ደግሞ ወረሂመኖ፣ ወረኢሉ፣ የጁ የሚሉት ይመጣሉ። ደሴን ዋና ከተማ ያደረገው ሰፊው ጠቅላይ ግዛት ወሎ እነዚህን አንድ ላይ አድርጎ የያዘ ነው። ዛሬ በዞን ተከፋፍሎ ሰሜን ወሎ (ወልድያ)፣ ደቡብ ወሎ (ደሴ)፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን (ከሚሴ) እና ዋግ ኽምራ (ሰቆጣ) ሆኗል። በግጥም ላይ «ላኮመልዛ» የሚል ከገጠመዎት ያው ወሎ ማለት ነው።

ቀኖቹ በተለያየ መጽሐፍ ለምን አይገጥሙም?

ሁለት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው የዓመቱ ነው። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲመልሱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ይደምራሉ፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን የወረዱት መስከረም 17 ቀን 1909 ነው፤ 8 የደመረ ሰው 1917 ይላል፣ ትክክሉ 1916 ነው።

ሁለተኛው የቀኑ ነው፤ ብዙ መምህራን ሳይቀሩ ይሳሳቱበታል። የውጫሌ ውል የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ሲሆን በፈረንጅ ሜይ 2፣ 1889 ነው። የዛሬውን ሚያዝያ 25 ቢያሰሉ ግን ሜይ 3 ላይ ይውላል። ምክንያቱ በፈረንጆች አቆጣጠር 1900 ላይ ፌብሩዋሪ 29 ስለተዘለለ በሁለቱ ካሌንደሮች መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ቀን መስፋቱ ነው። የዓድዋም እንዲሁ ነው፦ የካቲት 23 ቀን 1888 ማርች 1 ነበር፤ ዛሬ በዓሉ ማርች 2 ላይ ይውላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን (በፈረንጅ) ለሆነ ነገር የዛሬውን ስሌት ከተጠቀሙ አንድ ቀን ይቀንሱ።

የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ስንት ናቸው? አንዱ 10፣ አንዱ 11፣ አንዱ 12 ይላል።

የተለመደው ቁጥር 11 ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከአቆጣጠሩ ነው። ዮርዳኖስ ከሚባለው ወንዝ በሰሜን በኩል ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ መስቀል፣ ቤተ ደናግል፣ እንዲሁም ተያይዘው የተሠሩት ቤተ ሚካኤልና ቤተ ጎልጎታ አሉ። ሁለቱን እንደ አንድ የቆጠረ 5 ያገኛል፤ ለይቶ የቆጠረ 6። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ቤተ አማኑኤል፣ ቤተ መርቆሬዎስ፣ ቤተ አባ ሊባኖስ እና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ናቸው፤ ቤተ ልሔምን አንዳንዱ ይጨምራል፣ አንዳንዱ አይጨምርም። ቤተ ጊዮርጊስ ለብቻው ነው። ለክፍል ሥራ የሚጽፉ ከሆነ ቁጥሩን ብቻ ጽፈው አይለፉ፤ ስማቸውን ይዘርዝሩ፣ ያኔ ማንም አይከራከርዎትም።

የከተማዋ የቀድሞ ስም ሮሃ ነው። በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው በፈረንጅ 1978 ነው።

እንዴት ነው የተፈለፈሉት? በመላእክት ነው የሚባለውስ?

የንጉሥ ላሊበላ ገድል ቀን ሰው፣ ሌሊት መላእክት ሠሩት ይላል፤ ምእመናን የሚይዙት ይህንን ነው። የድንጋይና የግንባታ ተመራማሪዎች ደግሞ ሥራው በአንድ ንጉሥ ዘመን ብቻ ሳይሆን በየደረጃው እንደተሠራ፣ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና ቤተ መርቆሬዎስም መጀመሪያ ለቤተ ክርስቲያን ላይሆን እንደሚችል ይናገራሉ። ሁለቱን አንድ አንቀጽ ውስጥ አደባልቆ መጻፍ አንባቢ ያሳስታል፤ የትውፊቱን በትውፊትነት፣ የጥናቱን በጥናትነት ለይተው ያስቀምጡ።

አሠራሩ ግን ከድንጋዩ ራሱ ይነበባል። መጀመሪያ በዙሪያው ቦይ ተቆፍሮ መሀል ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ ይቀራል። ከዚያ ከጣሪያው ተጀምሮ ወደ ታች ይጠረባል። መስኮቱና በሩ ሲከፈት በዚያው ገብተው ውስጡን ይፈለፍላሉ፤ ዓምዱ፣ ቅስቱ፣ ጣሪያው ሁሉ ከዚያው ከአንዱ ድንጋይ የተረፈ ነው። ጉልላት ላይ ለመድረስ መወጣጫ አያስፈልግም፤ በሌላ በኩል አንዴ የተሳሳተ መዶሻ አይመለስም። ትልቁ ቤተ መድኃኔ ዓለም 33 ሜትር ገደማ ርዝመት፣ 23 ሜትር ገደማ ወርድ፣ 11 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ቤተ አባ ሊባኖስ በአራቱም ጎን ተፈልፍሎ ጣሪያው ብቻ ከላዩ ካለው አለት ጋር እንደተያያዘ የቀረ ነው፤ ሥራው ምን ያህል ቀጭን ስሌት እንደነበረው እዚያ ቆሞ ማየት ይበቃል።

የሚጎዳቸው ውኃ ነው። አለቱ ለስላሳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ ዝናብ በስንጥቁ ይሰርጋል፣ ፀሐይ ሲመታው ይፈረከሳል። የጥንት ሠሪዎች ይህን አውቀው የግቢውን ወለል ለውኃ መውረጃ አዘንብለው ነው የሠሩት፤ ቦዩ በአፈር ሲደፈን ጉዳቱ ይብሳል። አንዳንዶቹ ላይ የሚያዩት የብረትና የሸራ ዳስ ለዚሁ ዝናብ መከላከያ የቆመ ነው። ዳሱ መልኩን አበላሽቷል የሚለው ቅሬታ ፍትሐዊ ነው፤ ያለ ምንም መከለያ ይተው ማለት ግን አይቻልም።

ገና ላሊበላ መቼ ልድረስ?

ብዙ ሰው ታኅሣሥ 29ን ይዞ ይነሳል። በዘመነ ዮሐንስ ግን፣ ማለትም ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት በሚቀጥለው፣ ልደት ታኅሣሥ 28 ላይ ይውላል፤ በ2016 የሆነው ይህ ነው። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ዘመኑን ይዩ።

«ቤዛ ኩሉ» የሚዘመረው በቤተ ማርያም ግቢ ነው፤ ካህናቱ ከፊሉ ከላይ በግድግዳው ጫፍ፣ ከፊሉ ከታች በግቢው ቆመው ይቀባበሉታል። ቀደም ብሎ ያልደረሰ ሰው ከጀርባ ጋቢ በቀር የሚያየው የለም። በየቤተ ክርስቲያኑ ጫማ ስለሚወለቅ ማሰሪያ የሌለው ጫማና ወፍራም ካልሲ ያድርጉ፤ ምንጣፉ ላይ ቁንጫ አይጠፋም። በቤተ ገብርኤል በኩል ባለው ዋሻ መንገድ ጨለማው ድቅድቅ ስለሆነ ባትሪ ይያዙ፤ ስልክዎ ላይ ያለው መብራትም ይበቃል።

ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ በምን ይለያል?

ይህ የተፈለፈለ ሳይሆን የተገነባ ነው፤ በትልቅ ዋሻ ውስጥ። ቀረብ ብለው ግድግዳውን ይዩ፦ አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ፣ እንደገና እንጨት፣ እንደገና ነጭ። ይህ የአክሱም የግንባታ ስልት ነው፤ ላሊበላ ላይ ይህንኑ ስልት በአለት ላይ ቀርጸው ሲያስመስሉት ያያሉ፣ የእንጨቱን ጫፍ ሳይቀር። ስለዚህ ይምርሐነ ክርስቶስን አይቶ ላሊበላን ማየት ብዙ ነገር ይገልጣል። ከጀርባው ባለው ጨለማ ክፍል የብዙ ሰዎች አጽም አለ፤ ሕፃናት ይዘው ከሆነ አስቀድመው ይንገሯቸው።

ጊዜ ካለዎት ገነተ ማርያምንም ይጨምሩ፤ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከይኩኖ አምላክ ዘመን የተረፈ ሥዕል አለበት።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ለምን ትልቅ ስም አለው? ሴት ትገባለች?

ከሁለተኛው እንጀምር፦ ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት አትገባም። ከቤተሰብ ጋር የሚሄዱ ከሆነ ይህን ቀድመው ያውቁት፤ ደጅ ላይ ደርሶ መጨቃጨቅ አባቶችንም እርስዎንም ያሳዝናል።

ገዳሙ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ የገነነ ነው። ደብረ ዳሞ የተማሩ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ጨምሮ ብዙዎችን ያስተማሩ አባት ናቸው። በ1262 ገደማ ይኩኖ አምላክ ከዛጉዌ ሥልጣኑን ሲወስድ የረዳው ማነው በሚለው ሁለት ትውፊት አለ፤ አንዱ ለኢየሱስ ሞዓ፣ ሌላው ለተክለ ሃይማኖት ይሰጣል። የሐይቅ መምህር «ዓቃቤ ሰዓት» ተብሎ በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ ካህናት አንዱ ይሆን ነበር፤ በዜና መዋዕል ይህን ማዕረግ ሲያዩ ሐይቅን ያስቡ። ቦታው ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ዛሬ በየብስ ይገባል። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ግሸን የነገሥታት ልጆች የታሰሩበት ነው ወይስ ወህኒ አምባ?

ሁለቱም፣ በየዘመናቸው። ግሸን የመጀመሪያው ነው፤ የነጋሢው ዘር ተቀናቃኝ እንዳይሆን አምባው ላይ ይቆይ ነበር። የኢማም አሕመድ (ግራኝ) ጦር በፈረንጅ 1530ዎቹ መጀመሪያ ሞክሮ ሳይሆንለት በ1540 አምባውን ያዘ። ወህኒ አምባ የጎንደር ዘመን ነው።

የግማደ መስቀሉ ታሪክ ከዐፄ ዳዊትና ከልጃቸው ከዘርዐ ያዕቆብ ጋር የተያያዘ ነው፤ «አንብር መስቀልየ በዲበ መስቀል» የሚለው ቃል መስቀሉ በመስቀለኛው አምባ እንዲቀመጥ ያዘዘ ነው ይላሉ። ንግሡ መስከረም 21 ነው። መውጫው አንድ በር ስለሆነ በዋዜማው መግባትና መውጣት ሰዓታት ይፈጃል። የክረምቱ ጭቃ ገና ያልደረቀ ስለሚሆን ዱላና የሚይዝ ጫማ ያስፈልጋል፤ ማታ ደግሞ ብርዱ ጋቢ ብቻውን አይመልሰውም።

መቅደላ ምን ቀርቷል? መቅደላ ወረዳ ሄጄ አላገኘሁትም።

ስሙ ነው ያሳሳተዎት። መቅደላ የሚባለው ወረዳ ዋና ከተማው ማሻ ነው፤ አምባው ያለው ግን ተንታ ወረዳ ውስጥ ነው፣ የአካባቢው ሰውም አምባ ማርያም ይለዋል። ስለዚህ ሹፌሩን «ተንታ፣ አጅባር» ብለው ይጠይቁት።

ዐፄ ቴዎድሮስ ያረፉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ነው። የእንግሊዙ የናፒየር ጦር ከሦስት ቀን በፊት አሮጌ በሚባል ስፍራ ተዋግቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ቤቱ ተቃጠለ፣ ብራናውና ዕቃው ተዘረፈ፤ ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ እንዳስፈለገ ይነገራል። ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁም ተወስዶ በ1872 በእንግሊዝ አገር ሞተ፤ የተቀበረው ዊንዘር ነው።

ዛሬ አምባው ላይ የሚያዩት ትልቁ ነገር ሴባስቶፖል የተባለው የቴዎድሮስ መድፍ ነው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለው ምስሉ ነው፤ ዋናው መቅደላ ነው ያለው። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይጠጋል። የተሠራው ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ነው፤ ከዚያ እስከ መቅደላ ድረስ ተጎትቶ የመጣው መንገዱ ከፊቱ እየተቆረጠለት፣ ከ1860 ጥቅምት ጀምሮ ወራት ፈጅቶ ነው። አፉን ወደ ላይ አድርጎ ሣር ላይ ተቀምጧል፤ ሰው ሲያየው መጀመሪያ የሚገርመው ማጠሩ ነው፤ ረጅም መድፍ ጠብቆ የሚሄድ ብዙ ነው። ሴባስቶፖል አፈሙዙ ሰፊ፣ ቁመቱ አጭር የሆነ ሞርታር ነው።

ወርቂትና መስታወት እነማን ናቸው?

በቴዎድሮስ ዘመን ወሎን በየፊናቸው የመሩ፣ በየልጃቸው ስም የተፎካከሩ ሁለት ሴቶች ናቸው። ምኒልክ በሰኔ 1857 ከመቅደላ ሲያመልጡ የተጠጉት ወርቂት ዘንድ ነው፤ ቴዎድሮስ በዚህ ተቆጥተው እስር ላይ የነበረውን ልጇን ገደሉ። የእንግሊዝ ጦር ሲመጣ ሁለቱም በመቅደላ ዙሪያ ነበሩ። በመማሪያ መጽሐፍ በአንድ መስመር የሚታለፉት ያለ አግባብ ነው፤ ምኒልክ ያን ቀን ወርቂት አሳልፋ ብትሰጣቸው ኖሮ የኋላው ታሪክ ሌላ ነበር።

እቴጌ መነን የወሎ ናቸው?

ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም የወሎ። መነን ሊበን አመዴ የራስ ዓሊ (የዳግማዊ ዓሊ) እናት ናቸው፤ ልጃቸው በሰኔ 1845 በአይሻል ጦርነት በካሣ (በኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ) ተሸነፈ። መነን አስፋው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ባለቤት፣ የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው ልጅ ናቸው። «ጃንጥራር» የአምባሰል ገዢ የማዕረግ ስም ነው፤ የሰው ስም አድርገው የሚጽፉ አሉ።

መሐመድ ዓሊና ንጉሥ ሚካኤል አንድ ሰው ናቸው?

አዎ። የወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊ በ1870 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሲጠመቁ ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸው ዐፄ ዮሐንስ ናቸው። ተቀናቃኛቸው አመዴ ሊበን (አባ ዋጠው) በምኒልክ ክርስትና ተነስተው ኃይለ ማርያም ሆኑ። ያ ጉባኤ በአንድ በኩል የተዋሕዶን የሃይማኖት ክርክር የዘጋ፣ በሌላ በኩል የወሎን ሙስሊም በግድ ወደ ጥምቀት የገፋ ነው፤ አንዱን ጽፎ ሌላውን መተው ታሪኩን ማጉደል ነው። ቦሩ ሜዳ ከደሴ በስተ ሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ሚካኤል የምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አገቡ፤ ልጅ ኢያሱ ከዚህ ጋብቻ ተወለዱ። በ1906 ደሴ ላይ ነገሡ። ልጃቸው ሲወርዱ ወደ ሸዋ ዘመቱ፤ ቶራ መስክ ላይ አሸነፉ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ተሸነፉና ተያዙ። በ1910 መገባደጃ በእስር ሳሉ ሞቱ። ልጅ ኢያሱ ዘውድ ያልጫኑ ስለሆኑ «ዐፄ» ተብለው አይጻፉም። የደሴው ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት የተሰየመው በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በመነን አስፋው እናት ነው።

ደሴ ምን ልይ?

አይጠየፍን። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው፤ ስሙ ሀብታም ድሃውን ሳይጠየፍ አብሮ ይበላበት ከነበረው የመጣ ነው። ሙዚየሙ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረ ቤት ነው፤ በ2014 ጦርነት ጉዳት ስለደረሰበት ክፍት መሆኑን ጠይቀው ይሂዱ። የከተማዋን ስም ዐፄ ዮሐንስ በ1875 ጅራታም ኮከብ አይተው «ደስዬ» እንዳሏት ይነገራል።

ውጫሌ ላይ በትክክል ምን ተጻፈ?

ውሉ 20 አንቀጽ ነበረው። ጠቡ 17ኛው ላይ ነው። አማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሥ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ፊርማው የተፈረመበት ስፍራ ይስማ ንጉሥ ይባላል፣ አምባሰል ውስጥ ነው፤ ውጫሌ ከተማ ከደሴ ወደ ወልድያ ሲሄዱ መንገድ ላይ ያገኟታል። ታሪኩም በወሎ አልቆመም፦ በ1888 ለዓድዋ ዘመቻ የሸዋ ጦር እስከ ጥቅምት እኩሌታ እንዲከት የታዘዘው ወረኢሉ ነው።

ከሙስሊሙ ታሪክ የትኞቹን ልያዝ?

ጀማ ንጉሥን፣ በሼህ መሐመድ ሻፊ የተመሠረተውን፣ በወሎ መውሊድ የተጀመረበት ተብሎ የሚታወቀውን። ቃሉ ውስጥ ያለውን ገታን፣ የሼህ ሰይድ ቡሽራን ስፍራ። ሾንኬን፣ ኮረብታ ላይ ተጠጋግተው የቆሙ የድንጋይ ቤቶች ያሉትን የአርጎባ መንደር፤ ሼህ ጀውሃር ያስተማሩበት ነው። ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈርን ሳይጠቅሱ ደግሞ ስለ ዮሐንስ ዘመን አይጻፍም፤ የግዳጁን ጥምቀት በጦር የተቃወሙ፣ በዐረብ ፊደል የአማርኛ መንዙማ የጻፉ ሰው ናቸው።

መውሊድ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚመጣ ያለፈውን ዓመት ቀን ይዘው አይሂዱ። ሐድራ (የዱዓ ጉባኤ) ላይ ዱዓ ሲደረግ ካሜራ አያውጡ፤ ማንሳት ከፈለጉ ቀድመው ሼኾቹን ያስፈቅዱ።

የሼህ ሁሴን ጅብሪል ትንቢት እያሉ ፌስቡክ ላይ የሚለጥፉት እውነት ነው?

ሼሁ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ የወሎ ባለ ግጥም ናቸው፤ ስንኞቻቸው በቃል ሲወርዱ የመጡ ናቸው። ነገር ከሆነ በኋላ በማግስቱ ብቅ የሚል ስንኝ ግን አብዛኛው የዛሬ ሰው ሥራ ነው። ሦስት ነገር ይፈትሹ፦ ቤቱ ይመታል ወይ? በዚያ ዘመን ያልነበረ ቃል አለበት ወይ? ከድርጊቱ በፊት የሰማው ሽማግሌ አለ ወይ? ሦስተኛው ከጠፋ ለክፍል ሥራ አይጠቀሙበት።

ባቲና አምባሰል ቦታ ናቸው ወይስ ቅኝት?

ሁለቱም። ከአራቱ ቅኝቶች ትዝታና አንቺሆዬ የቦታ ስም አይደሉም፤ ባቲና አምባሰል ናቸው። አምባሰልን በማሪቱ ለገሰ ድምፅ ያልሰማ ይጀምርበት።

ባቲ ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ምሥራቅ ናት፤ ገበያዋ ሰኞ ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ እሑድ ኮምቦልቻ ያደረ ሰው ሰኞ ጠዋት ባቲ ይደርሳል፣ ማታ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ያድራል፣ ማክሰኞ ሐይቅና ውጫሌን አይቶ ወልድያ ይገባል። ላሊበላ በጋሸና በኩል ረቡዕ ነው፤ ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ መናኸሪያ ላይ ይጠይቁ።